ከሊኑክስ ዲስክ ለተሰረዘ ፋይል፦ ነፃው ይበቃል ወይስ ይገዛ?

ከሁሉ በፊት ዲስኩን መጠቀም አቁሙ። ሪከቨሪ ፕሮግራሙንም እዚያው ላይ አትጫኑ። ኮምፒውተሩን ከፍላሽ አስነሱ፤ የሚገኘውን ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ገንዘብ ለማውጣት አትቸኩሉ። ኡቡንቱ (ታዋቂው ሊኑክስ) በየሳምንቱ ትሪም የሚባለውን፣ የተሰረዘ ፋይል የነበረበትን ቦታ የሚያስለቅቅ ጽዳት በራሱ ያካሂዳል። ትሪም ካለፈበት፣ የተገዛውም ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

ለፎቶና ለሰነድ ፎቶሬክ የሚባለውን ፕሮግራም አስቀድሙ። ነፃ ነው፤ ከ480 በላይ የፋይል ዓይነቶችን ይለያል። የፋይል ሲስተሙን (ዲስኩ የፋይሎችን ስምና ቦታ የሚመዘግብበትን ሥርዓት) ትቶ የፋይሉን አጀማመር እያየ ስለሚፈልግ የተጎዳ ዲስክ ላይም ይሠራል። ችግሩ ስምና ፎልደር አይመልስም። «የእማዬ ልደት» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ፎቶ በቁጥር ተሰይሞ ይመጣል። ዲስኩ ላይ የተበታተነ ትልቅ ቪዲዮም ተቆራርጦ ሊወጣ ይችላል። የምትፈልጉትን ዓይነት ብቻ ምረጡ፤ አለዚያ በሺህ የሚቆጠር ፋይል ውስጥ ትዋጣላችሁ።

አብሮት የሚወርደው ቴስትዲስክ የጠፋ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ሲመልስ በጣም ጎበዝ ነው። የተሰረዘ ፋይል ግን ፋትና ኤንቲኤፍኤስ ከሚባሉት፣ ፍላሽ ላይ ከተለመዱት የፋይል ሲስተሞች እንጂ ሊኑክስ ላይ ከተለመደው ከኤክስት4 አያወጣም። ስለዚህ ለፍላሽ ዲስክ ይሁን።

ስምና ፎልደሩ የግድ ካስፈለጋችሁ ኤክስትአንዲሊት አለ። የኤክስት4ን ጆርናል (የቅርብ ለውጦች መዝገብ) አንብቦ ፋይሉ የት እንደነበር ይፈልጋል። የሚሳካለት ግን ስረዛው ትኩስ ሲሆን ነው። የመጨረሻ እትሙ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ በመሆኑ አዳዲስ ዲስኮች ላይ እምቢ ሊል ይችላል።

ከሚከፈልባቸው ውስጥ አር-ስቱዲዮና ዩኤፍኤስ ኤክስፕሎረር ይጠቀሳሉ። የሚያዋጡት በተለይ ለሰርቨር ነው፦ ሬይድ (እንደ አንድ የሚሠሩ የብዙ ዲስኮች ጥምር) ሲፈርስ ወይም የዲስኩ ፋይል ሲስተም ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ሲሆን። ለአንድ ላፕቶፕ ኤክስት4 ግን ልዩነቱ ሰዎች የሚያስቡትን ያህል አይደለም። ኤክስት4 ፋይል ሲሰርዝ የቦታውን ካርታ አብሮ ያጠፋዋል፤ የጠፋ ካርታ ደግሞ በገንዘብ አይመለስም። እነሱም የሚመኩት በዚያው ጆርናልና በፋይል አጀማመር ነው።

ሁለቱም የሙከራ እትም አላቸው። የተገኙትን ፋይሎች ያሳያል፤ ትንንሾቹን ብቻ ያስቀምጣል። ፋይላችሁ በፕሪቪው በትክክል ሲከፈት ካያችሁ ክፈሉ፤ ካልተከፈተ ተዉት። በተለይ አገር ቤት ሆኖ በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ይህን ሙከራ አትዝለሉ። በነፃውና በሚከፈልበት መሃል ዲኤምዲኢ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ነፃ እትሙ ከአንድ ፎልደር በአንዴ እስከ 4000 ፋይል ያወጣል። ለቤት ተጠቃሚ ከመግዛት በፊት እሱን እመርጣለሁ።

ዲስኩ የሚንኳኳ ድምፅ ካሰማ ግን አንዱንም አታስኪዱ። አጥፉትና ለባለሙያ ስጡ።