ጠለፋ ወይስ እገታ?

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ሻይ እየጠጣን ጓደኛዬ "ልጅቷ ታገተች" አለኝ። ሰውየው የወሰዳት ሊያገባት ነው። ያ እኮ ጠለፋ ነው! እገታ ሰው ይዞ፣ ለቤተሰቡ ደውሎ ብር መጠየቅ ነው። ጠለፋ ሰፊ ቃል ነው፤ አውሮፕላን ይጠለፋል፣ ስልክ ይጠለፋል፣ እናቴ ቀሚስ ላይ በመርፌና በክር የምትጠልፈውም ከዚያው ግስ ነው፣ ለዚህ ይሆናል ጆሯችን ላይ የሚለሰልሰው፣ እኔን ደግሞ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ መለሳለሱ ነው። በ1949 ዓ.ም. ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ግን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል፤ ጋብቻ አያድነውም።

"ታዲያ ፖሊስ ጣቢያ ምን ብለው ያመልክቱ?" አለኝ።

ጠለፋ ይበሉ። ዛሬውኑ።