ሃይ ግሬድ፣ ሪል ግሬድ ወይስ ማስተር ግሬድ? ለአዲስ አበባ ሳሎን የሚሆነው ጋንዳም

ዘመድ ከዱባይ ሊመጣ ነው። «ምን ላምጣልህ?» ይላል፤ ሻንጣው ውስጥ የተረፈው ቦታ ግን ለአንድ ካርቶን ብቻ ነው። እዚህ ከተማ የጋንዳም፣ ማለትም ከጃፓን አኒሜሽን የመጣው የሮቦት ተገጣጣሚ ሞዴል፣ ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ካርቶኑ ላይ ባለው ሥዕል ተማርካችሁ ሊንኩን ከመላካችሁ በፊት ሦስቱን የሞዴል ደረጃዎች (ግሬዶች) ላነጻጽርላችሁ። እኔ የምገጣጥመው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ምግብ በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ፍርዴን ከዚያ አንጻር ውሰዱት።

መጠኑን እናስቀድም። የጃፓኑ የመጫወቻ ኩባንያ ባንዳይ የጋንዳም ፕላስቲክ ሞዴል መሸጥ የጀመረው በፈረንጆች 1980 ሲሆን የመጀመሪያው 1/144 ነበር፣ ዋጋውም 300 የን። ዋናው ጋንዳም በታሪኩ ውስጥ ቁመቱ 18 ሜትር ነው፤ ለ144 ሲካፈል 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ ለ100 ሲካፈል 18 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ሃይ ግሬድና ሪል ግሬድ 1/144 ናቸው፣ ማስተር ግሬድ 1/100። ፐርፌክት ግሬድ የሚባል 1/60 አለ፣ 30 ሳንቲ የሚደርስ፤ እሱን ለመጀመሪያ የሚያዝ ሰው ምክር ስለማይሰማ እንለፈው።

ሦስቱም ሙጫ አይፈልጉም። ክፍሎቹ የፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደተያያዙ ይመጣሉ፤ በትንሽ መቁረጫ ፒንሳ እየለያችሁ ትገጥማላችሁ። ሁለቴ ቁረጡ፦ መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ አድርጋችሁ፣ ቀጥሎ የቀረችውን ጉጥ። በአንዴ አስጠግታችሁ ከቆረጣችሁ ፕላስቲኩ ይጨነቅና ነጭ ጠባሳ ያወጣል፤ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ከሩቅ ይታያል። የቀረውን ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ወይም የጥፍር ሞረድ ያስተካክለዋል።

ሃይ ግሬድ ጠንካራ ነው። ሁለት ምሽት ይበቃዋል፣ ቢወድቅም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይገጠማል። ድክመቱ ቀለሙ ላይ ነው። ትልልቆቹ ክፍሎች በየቀለማቸው ተሠርተው ይመጣሉ፤ ትንንሾቹን ግን ተለጣፊ ነው የሚሸፍናቸው። የተለጣፊው ጫፍ ከጊዜ በኋላ ይነሳል፣ ሥሩ አቧራ ይሰበስባል። ክንዱና እግሩ ላይም ሁለቱ ግማሾች የሚጋጠሙበት መስመር ይታያል።

ሪል ግሬድ በዚያው ቁመት ውስጥ የማስተር ግሬድን ሥራ ለማሳየት የተፈጠረ ነው፤ በ2010 ነው የወጣው። የውስጥ አጽም አለው፣ ትጥቁም በብዙ ቁራጭ የተከፋፈለ ስለሆነ ሳይቀባ እንኳን ያምራል። ፎቶውን ያየ ሁሉ እሱን ይፈልጋል። ችግሩ ምስር የሚያክሉ ክፍሎቹ ናቸው። ለዘመን መለወጫ ዋዜማ አንዷን በወረንጦ ይዤ ሳለሁ ስፍንጥር አለችና ቄጠማው ውስጥ ገባች። አረንጓዴ ክፍል፣ አረንጓዴ ቄጠማ። ቡናው በረካ እስኪደርስ በጉልበቴ ፈለግሁ፤ የተገኘችው በማግስቱ፣ መጥረጊያ ሥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሪል ግሬዶች ደግሞ አጽማቸው ተገጣጥሞ ስለሚመጣ መገጣጠሚያቸው ቶሎ ይላላል፤ ጠብመንጃውን ስታስይዙት ክንዱ ቀስ እያለ ይወርዳል። የፈለጋችሁት ዋናው ጋንዳም ከሆነ በ2024 የወጣውን ሁለተኛ እትም እዘዙ።

ማስተር ግሬድ ለእጅ ይመቻል፣ አጽም አለው፣ ቀለሙም ከተለጣፊ ብዙ አይጠብቅም። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ የሃይ ግሬድ ሁለት ሦስት እጥፍ ነው፤ ካርቶኑም ሻንጣውን ይበላል።

ለእኔ ግን ዳኛው ቀለሙ ነው። ውጭ አገር ያሉት ገጣጣሚዎች «መጨረሻ ላይ ማት ስፕሬይ (የፕላስቲኩን አብረቅራቂነት የሚያጠፋ ሽፋን) ንፉበት» ይላሉ፤ የቀለም ስፕሬይ በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይጫንም። ዘመዳችሁን ኤርፖርት ላይ አታስጨንቁት። የሞዴል ስፕሬይ እዚሁ ብታገኙም በክረምት አትንፉ፤ እርጥበቱ ሽፋኑን ጉም እንደያዘው መስታወት ያነጣዋል። በረንዳ ላይ፣ ከጥቅምት በኋላ፣ ንፋስ በሌለበት ጠዋት ይሻላል። የቤት ቀለም ቲነር ደግሞ ወደ ፕላስቲኩ አይጠጋ። አንዴ የትከሻ ትጥቅ ላይ የፈሰሰ ቀለም ላጸዳ ለበር የተገዛውን ቲነር በጥጥ ነካ አደረግሁበት። ጥጡ ተጣበቀ፤ ስስበው ፕላስቲኩ እንደ ሻማ ለስልሶ አብሮ ተነሳ።

ያለ ጣጣ የሚሠራው በውኃ የሚሟሟ አክሪሊክ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ነው። ክፍሉን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፣ ቀለሙን አቅጥናችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርቡ። በጣም ቀጭን ጫፍ ያለው ጥቁር ብዕር ደግሞ የትጥቁን ስንጥቆች ለማጥቆር ይበቃል፤ የተረፈውን በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጥረጉ። ይህን ሃያ ደቂቃ ያገኘ ሃይ ግሬድ፣ ምንም ካልተነካ ሪል ግሬድ ጎን ብዙም አያፍርም።

ስለዚህ የመጀመሪያችሁ ከሆነ ሃይ ግሬድ። ፒንሳ ከሌላችሁ በ2020 የወጣው ኢንትሪ ግሬድ ጋንዳም በእጅ ይነቀላል፣ ተለጣፊም የለውም። ሁለተኛው ማስተር ግሬድ ይሁን። ሪል ግሬድን በሦስተኛ ደረጃ አስቀምጡት፤ ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ጭራሽ ተዉት።

ማሳያው ክፍት መደርደሪያ ከሆነ የመንገድ አቧራና የዕጣን ጢስ በየስንጥቁ ይገባል፤ በየሳምንቱ በሜካፕ ብሩሽ ማራገፍ ነው። በር ያለው ቡፌ ይሻላል፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፣ ነጩ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይበልዛል። የእኛ ቡፌ መካከለኛ መደርደሪያ 24 ሳንቲ ነው። ማስተር ግሬዱ ቆሞ ይገባል፣ ሰይፉን ካነሳ ግን አይገባም፤ ከእናቴ ሲኒዎች አጠገብ ሰይፉን ዝቅ አድርጎ ቆሟል።