ሰጋቱራ ከላይ የሚስብ የመጋዝ መከለያ፦ ልግዛ ለምትሉ

እኛ የምንሠራው የኩሽና ካቢኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚባሉትን የተጨመቁ የእንጨት ሰሌዳዎች ስንቆርጥ እንውላለን። ለጠረጴዛ መጋዛችን ከዲስኩ በላይ በክንድ የሚንጠለጠል፣ የአቧራ መሳቢያ አፍ ያለው መከለያ ገዝተን እየሠራንበት ነው። በጣም ወድጄዋለሁ።

ከማሽኑ ሆድ ሥር መሳቢያ ያለው ሰው "የላዩ ምን ያደርግልኛል?" ይላል። ዲስኩ ላይኛው ጎኑ የሚዞረው ወደ ሠራተኛው ነው። በጥርሶቹ መሃል የቀረውን ዱቄት ይዞ ይመጣና ፊት ላይ ይረጨዋል። ጠርዝ ብቻ ስትልጡማ ባሰ! የዲስኩ አንድ ጎን ክፍት ስለሚሆን የታችኛው ቱቦ አይደርስበትም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች አፍንጫቸውን በነጠላ ማስክ ሸፍነው ሲውሉ ማየት ያስጨንቀኝ ነበር።

መከለያው ጥርት ያለ ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ፕላስቲክ) ስለሆነ የመቁረጫ መስመሩ በደንብ ይታያል። ሁለቱ ጎኖቹ ለየብቻ ከፍና ዝቅ ይላሉ። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ማታ መብራት አጥፍተን የሞባይል ባትሪ ከጎን አብርተን ኤምዲኤፍ ቆረጥን። ጎኖቹ እንጨቱ ላይ ሲተኙ ብርሃኑ ውስጥ የሚታይ ብናኝ የለም ማለት ይቻላል። እንጨቱ ሲገባ የፊተኛው ከንፈር ብድግ ሲል ብቻ ቀጭን ጭስ የመሰለ ነገር ያመልጣል። አንዱን ጎን ሆን ብለን ከፍ ስናደርገው ግን ብናኙ በዚያው በኩል ቦለል ብሎ ወጣ። ስለዚህ ጎኑ ግትር የሆነ መከለያ አትግዙ።

ሻጩ "አፉ 100 ሚሊ ነው፣ በመቀነሻ 50 ሚሊ ቫኪዩም ይገጥምለታል" ብሎን ነበር። መግጠሙን ይገጥማል፣ ግን የረባ አይስብም። የቱቦው ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ የአየሩ መንገድ ሩብ ብቻ ይቀራል። ከረጢት ያለው ትልቁ መሳቢያ ነው የሚያስፈልገው፤ ቱቦው ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይሄዳል። ከረጢቱ ተራ ጨርቅ ከሆነ ደቃቁን ብናኝ መልሶ ቤት ውስጥ ይለቀዋል። እኛ መሳቢያውን ግድግዳ በስተን ውጭ አወጣነው።

ቀጭን ዘንግ ስትቆርጡ መከለያው ቦታውን ይጋርደዋል፣ ቀጠን ያለ መግፊያ እንጨት አዘጋጁ። ቦይ (እንጨቱን ዘልቆ የማይቆርጥ ጎድጎድ) ስናወጣ ግን ሳይነሳ መሥራቱ አስደስቶኛል፤ ከዲስኩ ኋላ በምትቆመው ቢላ (የተሰነጠቀው እንጨት ዲስኩን እንዳይጨብጥ በምትለያየው ስስ ብረት) ላይ የሚታሰረው ዓይነት ለቦይ የግድ ይነሳል። ይህ መከለያ ግን ቢላዋን አይተካም። ጣውላ ስትሰነጥቁ ቢላዋ በቦታዋ ትሁን፣ ያለሷ እንጨቱ ተወርውሮ ሊመታችሁ ይችላል።

ልትገዙ ስትሄዱ ሜትርና የቱቦአችሁን ቁራጭ ያዙ። አፉን እዚያው ገጥማችሁ እዩት።