በአራተኛው ዙር ቀድሜ መታሁ

ኮርሱ በኦንላይን ነው፤ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ጥያቄው አንድ ነው፦ በአገሮች መካከል ነገር ሲካረር ቀድሞ መምታት መቼ ነው ተገቢ የሚሆነው? ስመዘገብ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ ይባል የለ? በቃ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ንባብ ናቸው። ይደብረኛል ብዬ ነበር፤ አልደበረኝም። የካሮላይን መርከብ ታሪክ ብቻውን ለከፈልኩት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1837 መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ ጦር የካናዳ አማፂያንን ትረዳለች ያላትን መርከብ፣ በአሜሪካ በኩል ቆማ ሳለ በሌሊት ገብቶ አቃጠላት። ወደ ናያግራ ፏፏቴም ለቀቃት። ራሳችንን መከላከላችን ነው አሉ። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዳንኤል ዌብስተር በኋላ የጻፈው መስፈርት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ አደጋው ያፈጠጠ፣ ሌላ አማራጭ የማይተው፣ ለማሰብም ጊዜ የማይሰጥ መሆን አለበት።

ከዚያ ሁለት የእስራኤል ጥቃቶች ጎን ለጎን ይቀርባሉ። በ1967 የግብፅን አየር ኃይል መሬት ላይ እንዳለ ስትመታ የግብፅ ጦር ሲና ገብቷል፣ የቲራን መተላለፊያም ተዘግቷል። በ1981 የኢራቅን የኑክሌር ማብላያ ስትመታ ግን የሚፈራው ነገር ገና ወደፊት ነው። ይሄኛውን የፀጥታው ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ አውግዞታል። የተሰነዘረ ቡጢ ሌላ፣ «አድጎ ይመታኛል» ሌላ።

ኮርሱን ኮርስ ያደረገው ግን ጨዋታው ነው። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት አገሮች፣ አንድ ድንበር። አንድ ዙር ስምንት ደቂቃ ነው። ለምን እንደወሰንክ በየዙሩ ማስታወሻ ትጽፋለህ፤ ባላጋራህ አያየውም። የኔ ባላጋራ አንዲት ሴት ነበረች። በሦስተኛው ዙር ጦር ጨመረች። በአራተኛው አየር ማረፊያዎቿን መታሁ። «አሸንፈዋል» አለኝ ስክሪኑ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ከዚያ አስተማሪው የሁለታችንንም ማስታወሻ ከፈተው። የኔ ሁለተኛ ዙር፦ «ለጥንቃቄ ያህል ጦር ጨመርኩ።» የሷ ሦስተኛ ዙር፦ «እሱ ስለጨመረ ፈርቼ ጨመርኩ። በሚቀጥለው ግማሹን መልሼ ምን እንደሚያደርግ አያለሁ።» የኔ አራተኛ ዙር፦ «ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።» አጠገቡ ሲስተሙ የመዘገበው ሰዓት አለ። ቁልፉን ስጫን አምስት ደቂቃ ይቀረኝ ነበር።

ቅሬታም አለኝ። ጨዋታው ላይ ከባላጋራህ ጋር መነጋገሪያ መንገድ የለም። ሞስኮና ዋሽንግተን እንኳ ከኩባው ሚሳይል ቀውስ ማግስት፣ በ1963፣ ቀጥታ መስመር ዘርግተዋል። የሳይበር ጥቃት የተባለው አምስተኛው ሳምንት ደግሞ ስላይድ ማንበብ ብቻ ነው፤ ዝለሉት።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ።

በመጨረሻው ሳምንት ከዚያችው ሴትዮ ጋር ድጋሚ ተመደብን። ጦሬን ከድንበር ላርቅ ወስኜ ነው የገባሁት። በመጀመሪያው ዙር መታችኝ።