ለብጉር ሕክምና የደም ቅባታቸውን የሚለኩ ወጣቶች ይህችን የላብራቶሪ ባለሙያ ቢያገኙ

ይህ ምስጋና ለአንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ እህታችን ነው። ስሟንና ስልኳን አደባባይ ላይ አንለጥፍም፤ የምትሠራበትን ቦታ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን፣ እንጠቁማለን። በቆዳ ሕክምናና በፋርማሲ ላይ የምንሠራ ሰዎች ሆነን የምናመሰግናት በአንድ ነገር ነው፦ ብጉር ይዟቸው የሚላኩላትን ወጣቶች የደም ቅባት እንደሚገባው ትለካለች። ቀላል ሥራ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ብዙ ቤተሰብ ብጉር የወጣበትን ልጅ «ቅባት ስለምታበዛ ነው» ይለዋል። ፊት ላይ የሚያብረቀርቀው ወዝ ግን ከደም ሾልኮ የወጣ ጮማ አይደለም። የቆዳው ዕጢ ራሱ ነው የሚያመርተው። ዕጢውን የሚያነቃቁት እንደ አንድሮጅን (የወንድ የሚባለው፣ በሴትም ውስጥ ያለ ሆርሞን) እና ኢንሱሊን (ስኳርን የሚቆጣጠረው) ያሉ ሆርሞኖች ናቸው፤ እነዚሁ ሆርሞኖች ጉበት ቅባት የሚሠራበትንና የሚልክበትንም መንገድ ይነካሉ። ዝምድናቸው በዚህ በኩል ነው። ከባድ ብጉር ያለባቸውን ወጣቶች ከሌለባቸው ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች አንድ ቃል አይናገሩም፤ አንዳንዶቹ ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) እና ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ቅባት ዓይነት) ከፍ፣ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል) ዝቅ ብሎ አግኝተዋል፣ ሌሎቹ ልዩነት አላዩም። ስለዚህ ብጉር ያለበት ሁሉ ኮሌስትሮል አለበት ብሎ ማስፈራራት ትክክል አይደለም።

ምርመራው የግድ የሚሆንባቸው ሰዎች ግን አሉ። የወር አበባዋ የሚዛባባት፣ አገጯና ጉንጯ ላይ ጸጉር የሚበቅልባት፣ ብጉሯም አልለቅ ያላት ወጣት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ (የእንቁላል ዕጢንና ሆርሞንን የሚያዛባ ችግር) ሊኖርባት ይችላል፤ እዚያ ላይ የደም ቅባትና የስኳር መዛባት አብሮ ይመጣል። ጂም ቤት ጡንቻ ማሳደጊያ ስቴሮይድ የሚወጋ ወጣትም ጀርባውና ደረቱ ላይ ብጉር ሲፈላበት፣ በደሙ ውስጥ ኤችዲኤል ወርዶ ኤልዲኤል ወጥቶ ሊገኝ ይችላል። መወጋቱን ለሐኪሙ ይንገር፤ አለዚያ ሕክምናው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አይሶትሬቲኖይን የሚጀምሩት። ይህ መድኃኒት ለከባድ ብጉር ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታዘዝ ሲሆን፣ ከአራት ወሳጆች በአንዱ ገደማ ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ ጭማሪው መጠነኛ ነው፣ መድኃኒቱ ሲቆምም ይመለሳል። ቁጥሩ 500 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ ግን ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ያስቆማል፤ ወደ 1000 ሲጠጋ ቆሽት የመቆጣት አደጋው እውነተኛ ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ሁለት ወር ገደማ ላይ ደግሞ ይለካል። (ሴቶች የእርግዝና ምርመራውን በምንም ምክንያት እንዳይዘሉት። መድኃኒቱ ፅንስን ክፉኛ ይጎዳል።) የመጀመሪያው ልኬት ከተበላሸ ሁለተኛው ከምን ጋር ይነጻጸራል?

የእህታችን ብልሃት የሚጀምረው ከጥያቄዋ ነው። «ጾመህ ና» አትልም። «ጾመህ ና» የተባለ ልጅ ሥጋና ወተት ትቶ፣ ጠዋት ሽሮውን በልቶ፣ ስኳር ያለው ሻይ ጠጥቶ ከች ይላል፤ በእሱ ቤት ጾሟል። እሷ የምትለው «ከውኃ በቀር ምንም ሳትቀምስ፣ ቡናም ሻይም» ነው። ማታ 2 ሰዓት እራቱን የጨረሰ ጠዋት 2 ሰዓት ሲመጣ 12 ሰዓት ሞላው፣ ይበቃዋል። ጠጅ ወይም ቢራ የተጠጣበትን ማግስት አትቀበልም። በፋሲካ ሰሞን የመጣውንም ጥቂት ቀን ቆይቶ ወደ ወትሮው አመጋገቡ ሲመለስ ና ትለዋለች። ትራይግሊሰራይድ የትናንቱን ገበታ ያንጸባርቃልና።

ሮጦ የገባውን አምስት ደቂቃ ታስቀምጠዋለች። ክንድ ላይ የምታስረውን ጎማ ደም ሥሩን እንዳገኘች ትፈታዋለች፣ ከአንድ ደቂቃ አታሳልፍም፤ ጎማው ሲቆይ ውኃው ከደም ሥር እየወጣ የቀረው ይወፍራል፣ ኮሌስትሮሉም ያለ ቦታው ከፍ ይላል። ደሙ ግማሽ ሰዓት ረግቶ ደምን አሽከርክሮ ከሚለየው ማሽን፣ ከሴንትሪፊውጅ ሲወጣ ቲዩቡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታያለች። ደህናው ሴረም (ከረጋው ደም በላይ የሚቀረው ፈሳሽ) የገለባ ቀለም ያለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። አሬራ መስሎ ከደፈረሰ በውጤቱ ወረቀት ላይ ትጽፈዋለች፤ ድፍርሱ ብርሃን ስለሚጋርድ አብሮ የታዘዘውን የጉበት ምርመራ ሊያሳስት ይችላል። ይህችን አንዲት መስመር የሚጽፍልን ባለሙያ እንዴት እንደምንፈልግ!

ሌላም አለ። ብዙ ቦታ ኤልዲኤል የሚገኘው በስሌት ነው፦ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤል፣ ከዚያም የትራይግሊሰራይዱ አንድ አምስተኛ ይቀነሳል። ጠቅላላው 190፣ ኤችዲኤሉ 45፣ ትራይግሊሰራይዱ 150 ከሆነ ኤልዲኤሉ 115 ነው። ያው ልጅ ቁርስ በልቶ ትራይግሊሰራይዱ 250 ቢሆን ስሌቱ 95 ይሰጣል። ከፍ ያለው ዝቅ ብሎ ታየ ማለት ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ ደግሞ ስሌቱ ጭራሽ አይሠራም። እሷ ያኔ የኤልዲኤሉን ቦታ ባዶ ትታ በቀጥታ እንዲለካ ትመክራለች፤ ቁጥር ፈጥራ አትሞላም። ከአውሮፓ በሌላ መለኪያ፣ በሚሊሞል በሊትር ተጽፎ የመጣ ውጤት ሲያጋጥማትም ትራይግሊሰራይዱን በ88.6፣ ኮሌስትሮሉን በ38.7 አባዝታ ከእኛው ቁጥር ጎን ታሰፍረዋለች።

አይሶትሬቲኖይን ለምትወስዱ፦ የዕለቱን ክኒን ደም ከሰጣችሁ በኋላ ከምግብ ጋር ዋጡት፤ በባዶ ሆድ ከተዋጠ ግማሹ እንኳ ላይመጠጥ ይችላል። በጾም ወቅት ዘይት ያለው ወጥ ወይም አቮካዶ አብሮት ይሁን። ወደ እሷ ስትሄዱ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የመጨረሻ እራታችሁንም ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።