ገና ያልተወለደ ትምህርት ቤት 1,500 ዶላሬን በላው

ነገሩ የሆነው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ንዴቴ በርዶ "ይቅር፣ ሰው ምን ይለኛል" ብዬ ሳልተወው አሁኑኑ ልጻፈው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። 6 ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት በነርስ ረዳትነት እየሠራሁ፣ ቀን ቀን ኬሚስትሪና አናቶሚ ስማር ኖሬ፣ ፊዚሺያን አሲስታንት (የሐኪም ረዳት) ለመሆን አመለከትኩ። ዘንድሮ ሁለት ቦታ ተቀበሉኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ "ዶክተርዬ" አለችኝ። ዶክተር አይደለም ብላትም አልሰማችኝም።

አንደኛው ፔንስልቬንያ ያለ የቆየ ትምህርት ቤት ነው። ለኢንተርቪው ስሄድ ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ነው የወጣሁት። ከቤቴ በመኪና ሦስት ሰዓት ይርቃል። ሁለተኛው ደግሞ 25 ደቂቃ። አዲስ ነው፣ ሁሉ ነገሩ ያብረቀርቃል። መለማመጃው አሻንጉሊት በሽተኛ ሳይቀር ዓይኑን ያርገበግባል።

የአድሚሽን ሴትዮዋን ባታገኟትም ታውቋታላችሁ። ስምሽን አጥንታ የምትጠራዋ፣ በየሳምንቱ እየደወለች "ቦታው እያለቀ ነው፣ እስከ ዓርብ ወስኚ" የምትለዋ። አክሬዲቴሽኑ፣ ዕውቅናው ማለቴ ነው፣ እንዴት ሆነ ብዬ ጠይቄያታለሁ። "በሂደት ላይ ነው፣ ፎርማሊቲ ነው" አለችኝ። ተመራቂዎቻችሁ ቦርድ ፈተናውን ስንቱ ያልፋል ስላት "ከፍተኛ ውጤት እንጠብቃለን" አለች። አንድም ሰው ያላስመረቀ ትምህርት ቤት ምን ሌላ ሊጠብቅ ኖሯል?

ዌብሳይታቸው ላይ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ፕሮግራሙ ኤአርሲ-ፒኤ ከሚባለው ዕውቅና ሰጪ ኮሚሽን ጊዜያዊ ዕውቅና ለማግኘት አመልክቷል፤ ካልተሰጠው ትምህርት አይጀምርም ይላል። አንብቤዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። አላየሁትም ብል እንኳ ይሻለኝ ነበር።

አጎቴ አዲስ አበባ ውስጥ በፕላን ላይ ብቻ ያለ አፓርታማ ከፍሎበት፣ ዛሬም ጉድጓዱ ላይ ሣር በቅሎበታል። ያኔ "ሰው እንዴት ያልተሠራ ቤት ይገዛል?" ብዬ ስቄበት ነበር። የእኔው ግን ጉድጓድም አልተቆፈረለትም።

የእህቴ ባል "አሮጌውን ያዢ፣ 27 ወር እንደሆነ እንደ ዋዛ ያልፋል" ብሎኝ ነበር። "ልጄን አንተ ነህ የምትጠብቅልኝ?" ብዬ አፉን አስያዝኩት። ለአዲሱ 1,500 ዶላር የቦታ መያዣ ከፈልኩ። ለፔንስልቬንያዎቹ "ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ" የሚል ጨዋ ኢሜይል ላክሁ። ጨዋነቴን ብታዩልኝ።

ትናንት ለተቀባዮች ሁሉ የዙም ስብሰባ ተጠራ። እኔ የመጻሕፍት ዝርዝር ሊሰጡን መስሎኝ እስክሪብቶና ደብተር ይዤ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ዲኑ እየሳቀ ገባ። "አንድ ዜና አለን" አለና ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ፣ ኮሚሽኑ ዕውቅናውን እንዳልሰጣቸው፣ ትምህርቱም ዘንድሮ እንደማይጀመር ነገረን። "ይህ ለሁላችንም የመማሪያ ጊዜ ነው" አለ። ለእሱ ደመወዝ እየተከፈለው ነው የሚማረው።

ማይኬን ከፍቼ "የከፈልነው ገንዘብስ?" አልኩ። ዲኑ ዝም አለ። ሴትዮዋ አንገቷን ዘመም አድርጋ ፈገግ አለች። ያንን ደቃቅ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አወጣችና፣ ለሕፃን ተረት እንደሚነበብ፣ ቃል በቃል እየለየች አነበበችልኝ። ከዚያ "ፈርመሻል እኮ" አለች። ገንዘቡ አይመለስም፤ "ለሚቀጥለው ዙር ይያዝልሻል።" ለየትኛው ዙር? ዕውቅናው መቼ ሊመጣ?

እኔም ተነሥቼ ቆምኩ። ስለ ሌሊት ሥራው፣ ስለለቀቅኩት የፔንስልቬንያ ቦታ፣ ስለ ልጄ ነገርኳቸው። እንባዬ እየመጣ፣ ድምፄ እየተቆራረጠ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። አንዳቸውም ፊታቸው አልተለወጠም። ይሄ ሁሉ ሰው ድንጋይ ነው እንዴ ስል፣ የስድስት ዓመት ልጄ ስክሪኑን አይቶ "እማ፣ ማይኩ እኮ ቀይ ነው" አለኝ።

ዘግታብኝ ነበር። ገና ሁለተኛውን ጥያቄ ስጀምር። ያን ሁሉ ያወራሁት ለፍሪጄ ነው።

ስብሰባው እንዳለቀ ፔንስልቬንያ ደወልኩ። ቦታዬን ኢሜይሌ በደረሳቸው በሁለተኛው ቀን ከተጠባባቂዎቹ ለአንዱ ሰጥተውታል። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጣም ታዝናለች፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመልክቺ አለችኝ። እንደገና ካስፓ (ማመልከቻው የሚሞላበት ድረ ገጽ)፣ እንደገና የድጋፍ ደብዳቤ ልመና።

የእህቴ ባል "ተመስገን በይ" ይለኛል። ዕውቅና ከሌለው ቦታ የተመረቀ ሰው ፓንስ የሚባለው ቦርድ ፈተና ላይ አይቀመጥም፣ ያለ ፓንስ ደግሞ የሥራ ፈቃድ የለም፤ 27 ወርና ያ ሁሉ የሎን ዕዳ ከሚበሉሽ 1,500 ብር ይሻላል ነው የሚለው። (ዶላርን ብር ማለት አይተውም።) እውነቱን ነው። ትናንት ማታ ግን ተመስገን ከአፌ አልወጣም።

እናንተ ሁለት ቦታ ተቀብለዋችሁ የምታመነቱ ካላችሁ፣ የትምህርት ቤቱን ስም ኤአርሲ-ፒኤ ገጽ ላይ ራሳችሁ ፈልጉ፤ "በሂደት" ማለት የለም ማለት ነው። ዕውቅና ያላቸው የፓንስ ውጤታቸውን ገጻቸው ላይ ማውጣት ግዴታቸው ነው፣ እሱንም እዩ። ሌላውን ቦታ ደግሞ ቶሎ አትልቀቁ።

ዛሬ ጠዋት ከእነሱ ኢሜይል ደረሰኝ። የትናንቱ ስብሰባ እንዴት ነበር፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጪን፣ አስተያየትሽንም ጻፊልን ይላል። ይኸው ጻፍኩ።