አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ፦ ከብዙ ክረምት በኋላ

መስከረም ሲጠባ ስልክ ይበዛብኛል። የሚደውሉት ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ አንዳንዴም ከዱባይ የአካባቢያችን ልጆች ናቸው። ማኅበር አቋቁመው ብር አሰባስበዋል፤ ጥያቄያቸውም ያው ነው። «መምህር፣ ለሰፈር ውሃ ልናወጣ ነበር፤ ምን ዓይነት ፓምፕ እንግዛ?» እኔ መሃንዲስ አይደለሁም። ፎገራ ሜዳ ላይ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ በተረፈው ጊዜ የሰፈራችን የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ግን አንድ አፍሪዴቭ ፓምፕ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከነአመሉ አውቃለሁ። ለእያንዳንዱ ደዋይ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ይለፍልኝ።

ፍርዴን ላስቀድም። የጉድጓዱ ውሃ ሩቅ ላልሆነበት፣ ሃምሳ ስልሳ አባወራ ለሚቀዳበት ሰፈር አፍሪዴቭ ግሩም ዕቃ ነው። ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አምስተኛዋን ያስቀረችው አንዲት ጎማ ናት፤ እደርስባታለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። አፍሪዴቭ የአንድ ፋብሪካ ስም አይደለም። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ማላዊ ላይ ተጀምሮ ኬንያ ላይ የዳበረ ንድፍ ነው። ንድፉ ለማንም ክፍት ስለሆነ ህንድም ሌላም አገር ያመርቱታል። በመለኪያው ከተሠራ የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ለሌላው ይገጥማል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ «አፍሪዴቭ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ እኩል አይደለም። ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ መሆን ሲገባው ቀለም ብቻ የተቀባ አይቻለሁ። ሁለት ክረምት ሳይሞላው ዝገቱ በእጀታው በኩል ይጀምራል። ስትገዙ ቅናሽ አያማልላችሁ።

የንድፉ ዋና ሐሳብ ከከተማ መካኒክ ሳይጠራ የሰፈሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ነው። ተሳክቶላቸዋል። ጎረቤት ቀበሌ ያለው ኢንዲያ ማርክ ሁለት ነው። እሱም ጠንካራ ፓምፕ ነው፤ አላጣጥለውም። ግን ታች ሆኖ ውሃውን ወደ ላይ የሚስበው ፒስተን ሲበላሽ የብረት ቱቦው በሙሉ ተነቅሎ መውጣት አለበት። መስቀያ ይተከላል፣ ጎረምሳ ይሰበሰባል፣ ቀኑ እዚያው ይመሻል። የኛ ቱቦ ፒቪሲ ፕላስቲክ ነው፤ አይዝግም፣ ከቦታውም አይነሳም። ፒስተኑ በቱቦው ውስጥ ሾልኮ ይወጣል።

ፓምፑ ሲታመም ቀድመው የሚያውቁት ጠባቂያችን ናቸው። ቁልፉ ከእሳቸው ጋር ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይከፍታሉ። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍ ይጠሩኛል። «መምህር፣ ዛሬስ ውሃው ዘገየብኝ።»

«ዘገየ ነው እትዬ፣ ወይስ አነሰ?»

«ዘገየ ነው ያልኩዎት። ከመጣማ በኋላ ደህና ነው።»

ልዩነቱ ብዙ ነው። ሌሊቱን አርፎ ጠዋት ውሃው እስኪመጣ ብዙ ማርገብገብ ከጠየቀ፣ ከቱቦው ግርጌ ሆኖ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው ፉት ቫልቭ እያፈሰሰ ነው። ቶሎ መጥቶ ግን ከቀጠነ፣ የፒስተኑ ጎማ አልቋል። እጀታው ወደ ግራና ቀኝ ከተንገዳገደና ሲጢጥ ካለ ደግሞ ኩሽኔታው ነው። እትዬ ይህን ሁሉ በጆሮ ይለያሉ። በወረዳው ሥልጠና የወሰድነው እኔና ፓምፕ ጠጋኛችን ነን፤ ምርመራው ግን የእሳቸው ነው።

የፒስተኑን ጎማ መቀየር እንዲህ ነው። የላይኛው ክዳን ይከፈታል፤ የሚያስፈልገው አብሮት የሚመጣው አንድ መፍቻ ብቻ ነው። እጀታው ይወጣል። ከዚያ እጀታውን ከፒስተኑ የሚያገናኙት ዘንጎች ይሳባሉ። እያንዳንዱ ሦስት ሜትር ገደማ ነው፤ የተያያዙት በብሎን ሳይሆን በመንጠቆና በቀለበት ነው። አንዱን ዘንበል አድርጎ ማላቀቅ ነው፣ በቃ። የኛ ፓምፕ 15 ሜትር ላይ ስለተሰቀለ አምስት ዘንግ ነው። ንጹሕ ሸራ ይነጠፍና እዚያ ላይ ይደረደራል፤ መሬት ላይ የሚጥል ሰው ከእትዬ ቁጣ አያመልጥም። መጨረሻ ላይ ፒስተኑ እየተንጠባጠበ ብቅ ይላል። ወገቡ ላይ የተጠለቀችው ጥቁር ጎማ ዩ-ሲል ትባላለች። አዲሷ ከንፈሯ ወደ ውጭ ገልበጥ ያለ ነው፤ ግድግዳውን እየታከከች ውሃውን የምትይዘው በዚያ ነው። ያለቀችው ከንፈሯ ተበልቶ፣ ጎኗን አሸዋ ጭሮት ትገኛለች። በአውራ ጣት ገፍቶ ማውለቅ፣ አዲሷን በውሃ አርሶ አፏን ወደ ላይ አድርጎ ማጥለቅ ነው። ጥገናው ሲጀመር ቡና ከተጣደ በረካው ሳይደርስ ውሃ ይወርዳል።

ታዲያ አራት ኮከብ ያልኩት ለምንድን ነው? ይህቺ ጎማ ስለምትጠፋ ነው። በዓመት አንዴ መቀየር ያለባት ዕቃ ናት፤ ዋጋዋ ፈልጎ ለማምጣት ከሚወጣው ትራንስፖርት ያንሳል። ግን ቅርብ ካለችው ከተማ የለችም። ሙሉ ፓምፕ የሚሸጥ ነጋዴ ጎማዋን አያስመጣም፤ ትርፍ የላትማ! አንድ ጊዜ አንዱ ባለሱቅ ከመኪና ጎማ የተቆረጠች ሸጠልን። «ከኦሪጅናሉ ትበልጣለች» ብሎ ምሎ ነበር። ወር ሳትቆይ ተቀደደች፤ ፍርፋሪዋም ፉት ቫልቩ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሥራ አመጣብን። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ባሕር ዳር ደርሶ ለመመለስ ራሱ ጸሎት ይጠይቃል። ፓምፑ ሦስት ሳምንት ቆሞ ሴቶቹ ወደ ወንዝ የተመለሱት በዚያን ሰሞን ነው። የጎደለው አንድ የጎማ ቀለበት ነበር።

አሁን የብስኩት ቆርቆሮ ገንዘብ ያዥዋ ቤት አለ። ዩ-ሲል፣ የፉት ቫልቩ ኦ-ሪንግ የሚባለው የጎማ ቀለበት፣ የእጀታው ኩሽኔታዎች ይቀመጡበታል። አንድ ሲወጣ ሁለት ይታዘዛል። ኩሽኔታዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ቶሎ የሚያልቁት በመቅዳት ብቻ አይደለም። ልጆች እጀታው ላይ እየተንጠለጠሉ እስከ መጨረሻው ሲያላጉት ይሰበራሉ። ቀን ላይ የምንቆልፈው አንድም ለዚህ ነው።

ውሃው ይበቃል ወይ ለሚለው፣ ስሌቱ ቀላል ነው። በኛ 15 ሜትር ጥልቀት ፓምፑ በሰዓት 1,100 ሊትር ያህል ያወጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከአንድ ደቂቃ ትንሽ አለፍ ሲል ይሞላል። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ ለገጠር የተቀመጠው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከቤቱ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነበር። እኛ 250 ሰው ገደማ ነን። ስለዚህ ወደ ስድስት ሰዓት የሚጠጋ ያለ እረፍት መቅዳት ይፈልጋል ማለት ነው። ጠዋትና ማታ ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ ቀትር ላይ ጉድጓዱ ውሃውን ይመልሳል። ንድፉም የታሰበው ለ300 ሰው ያህል ነው። ሰፈራችሁ 600 ሰው ካለው አንድ ፓምፕ ልካችሁ ለወረፋ ጠብ ምክንያት አትሁኑ። ጥልቀቱም ወሰን አለው፤ እስከ 45 ሜትር ይባላል፤ በጠለቀ ቁጥር ግን ውሃው ይቀንሳል፣ እጀታውም ይከብዳል። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን ብዙ ጊዜ የምትይዘው እጀታ መሆኑን አስቡት።

ንጽሕናው ላይ ፓምፑን ብቻ ማመስገን አልችልም። ፎገራ ክረምቱ ከባድ ነው። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ባሕር ይሆናል፤ ሽንት ቤቱም፣ በረቱም፣ የሩዝ ማሳው ማዳበሪያም አብሮ ይንሳፈፋል። ጉድጓዳችን ጉብታ ላይ ስለተቆፈረ አብዛኛውን ዓመት ያመልጣል። ዙሪያው በኮንክሪት ተለብጧል፤ ጠርዙ ከፍ ያለ ነው፣ የፈሰሰው ውሃ በቦይ ርቆ ይሄዳል። ይህ ኮንክሪት ከተሰነጠቀ የተፋሰሰው ቆሻሻ ተመልሶ ጉድጓድ ይገባል፤ ያን ጊዜ ፓምፑ የሚያወጣላችሁ እሱኑ ነው። ስለዚህ ስንጥቅ በታየ በሳምንቱ በሲሚንቶ እንደፍናለን። ከፓምፑ በላይ የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው፤ ሲሚንቶ ሁልጊዜ የሚፈልገው ሌላ ሰው አለ።

አንድ ክረምት ጎርፉ ኮንክሪቱን አልፎ ሄደ። ዘጋነው። ጎርፉ ሲሸሽ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆነን የዱቄት ክሎሪን በጥብጠን ጉድጓዱ ውስጥ ጨመርን፤ ሽታው በፓምፑ አፍ እስኪመጣ ቀዳን፤ አሳደርነው። በማግስቱ ሽታው እስኪለቅ ቀድተን ደፋነው። ፓምፑ ተፈትቶ በተገጠመ ቁጥርም እንዲሁ ነው። አባቶች ክሎሪኑን አይወዱትም፤ «ቡናውን አበላሸው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ለአንድ ሁለት ቀን ያበላሻል።

ከፓምፑ ንጹሕ የወጣ ውሃ ጀሪካን ውስጥም ይበላሻል። ቀድሞ ዘይት የነበረበት፣ ውስጡ አረንጓዴ ያበቀለ ጀሪካን ሞልቷል። ጠጠርና ውሃ ጨምሮ በደንብ መናጥ ጥሩ ያነሳዋል። ሕፃን ያለባቸው ቤቶች ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ይጨምራሉ፤ መለያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው።

ደግሞ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ደዋዮች አላችሁ። እዚያ ያለው ጣጣ ፍሎራይድ ነው፤ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፣ ሲብስ አጥንት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። አፍሪዴቭ ይህን አያጣራም፣ ክሎሪንም አይነካውም፣ ማፍላትም ዋጋ የለውም። ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን አስመርምሩ።

ወጪውን በተመለከተ ለመትከሉ ብር አይጠፋም፤ የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ነው። የኛ የተሠራው በፊንላንድ ድጋፍ በክልላችን ለረጅም ጊዜ በቆየው አሠራር ነው። ብሩ በአብቁተ (በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) በኩል ቀጥታ ለኮሚቴው ነው የመጣው። ሲሚንቶ የገዛነው፣ ቆፋሪ የቀጠርነው፣ ደረሰኝ ያስቀመጥነው እኛው ነን። አሸዋና ድንጋይ ከሰፈሩ። በገዛ እጁ ያወጣውን ጉድጓድ ሰው አይተወውም። አሁን አባወራው በወር 15 ብር ያዋጣል፤ አቅመ ደካሞች አይከፍሉም። አብቁተ አሁን ፀደይ ባንክ ስለሆነ ደብተሩ እዚያ ነው፤ ገንዘብ ለማውጣት የሦስት ሰው ፊርማ ይጠይቃል፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ጠባቂያችን ሩዝ ሲወቃ ከየቤቱ በቁና ይሰፈርላቸዋል። መዋጮ የሚዘገየው ሰኔና ሐምሌ ነው፤ እህል ባለቀበት ወር ብር ማን ይሰጣል? ስለዚህ ጥር ላይ የስድስት ወሩን አንድ ላይ መቀበል ጀምረናል።

«ሶላር አይሻልም ወይ?» የምትሉኝም አላችሁ። ይሻላል፣ ሰፈሩ ትልቅ ከሆነ። ጥልቅ ጉድጓድ፣ ታንከር፣ ሦስት አራት ቦኖ፣ ሴቶች እጀታ ሳይነኩ ቧንቧ ይከፍታሉ። ግን አንድ ሰፈር አውቃለሁ፤ የመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ተቃጥሎ ፓነሉ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል። ያንን ሣጥን በአንድ መፍቻ የሚፈታ ሰው የለም። ባለሙያ በቅርብ ከሌላችሁ፣ ሃምሳ ቤት ብቻ ከሆናችሁ፣ እጀታውን ምረጡ።

እንግዲህ ልትገዙ ከሆነ ፓምፑ ሲጫን ቢያንስ የሦስት ዓመት ዩ-ሲል፣ ኦ-ሪንግና ኩሽኔታ አብሮ ይጫን። ፉት ቫልቩን ከታች የሚያወጣው መንጠቆ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ከሣጥኑ የሚጎድለው እሱ ነው። ቆፋሪውን ደግሞ መቼ እንደሚቆፍር ጠይቁት። ጥቅምት ላይ ፎገራ ውስጥ የትም ብትጭሩ ውሃ አለ፤ አምስት ሜትር ሳይሞላ «ደረሰ» ብሎ ሂሳቡን ይቀበላል፣ ሚያዝያ ላይ ፓምፑ አየር ይስባል። ቁፋሮው ሚያዝያና ግንቦት ይሁን። ውሃው በጣም በሸሸበት ወር ተገኝቶ፣ ከዚያም በታች ሁለት ሦስት ሜትር እስኪወርድ ድረስ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ።